አምባሳደሩ ያወጣው ሲም

የእህቴን ባል ቤተሰቡ ሁሉ «አምባሳደሩ» ይለዋል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስሙ የወጣለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ ለሥልጠና ውጭ አገር ልኮት ሲመለስ ነው። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ወሬው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ሠርግ ቤት ያወራዋል፣ ለቅሶ ቤት ያወራዋል፣ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያወራዋል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ፤ የታላቅ እህቴ ባል ነውና ምን ይደረጋል። እዚህ ግን እህቴ የለችም፤ ስለዚህ አንቱታው ይቅር።

አባቴ ልቡ ታሞ፣ ውጭ ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ካላደረገ አይሆንም ሲባል፣ ማን ይዞት ይሂድ የሚል ጥያቄ እንኳን አልተነሳም። አምባሳደሩ እያለ ማን አፉን ይከፍታል? እናቴ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት ቤት ቀረች። እኔ የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ የተከተልኩት አባቴን ለማጠብ፣ ለማልበስና ለመደገፍ ነው። አምባሳደሩ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም፤ እሱ የሚመራው «ፕሮሰሱን» ነው።

ከመነሳታችን በፊት አዋጅ አወጣ።

«ስልካችሁን እዚሁ ትታችሁ ነው የምትሄዱት። ሮሚንግ የሚባለው ነገር ኪስ ያራቁታል። እኔ እንደደረስን የአገሩን ሲም አወጣለሁ። ለጉዞው ብዬ አዲስ ስልክ ገዝቻለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ አንድም ሌባ አያውቀውም።»

የአባቴ ስልክ፣ የእኔ ስልክ፣ የእሱም አሮጌ ስልክ ከነሲማቸው ተሰብስበው እህቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። አዲሱ ስልክ ላይ አንድም ሰው አልተመዘገበም። ንጹሕ ያለው ይህንን ነው።

ሌባ ሌባ ያለውም በምክንያት ነበር። ከጉዞው ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት ጎረቤታችንን በስልክ አታልለው ያላትን ሁሉ ወስደውባት ነበርና፣ አምባሳደሩ እናቴንና እህቴን ሳሎን አስቀምጦ ትምህርት ሰጥቷቸዋል። እኔ የሙሽራ ልብስ ላደርስ ሱቅ ነበርኩ፤ አባቴም ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከማይታወቅ የውጭ ቁጥር ከተደወለ አይነሳም። ድንገት ከተነሳና ደዋዩ «ሆስፒታል ነን፣ ቸኩለናል» ካለ ሌባ ነው። የገዛ ልጅሽ ድምፅ ቢመጣም አታምኚም፤ ዘንድሮ ድምፅ የሚሠራ ማሽን መጥቷል። ደግሞም ቤተሰቡ የምስጢር ቃል ይኖረዋል። ምስጢር ነው ስለተባለ ቃሉን አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ በረርን፣ ደረስን። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሻንጣ ከሚወሰድበት ፊት ለፊት፣ ሲም ካርድ መሸጫ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ፈገግ ብላ ቆማለች፤ የደንበኛ ወንበር ሳይቀር ተዘጋጅቷል። አባቴ ወንበሩን ሲያይ ፊቱ በራ። ሊቀመጥ ሲል አምባሳደሩ ክንዱን ያዘው።

«አባባ፣ እዚህ የሚገዛ ጀማሪ ነው። እኛ ከተማ ገብተን ነው የምናወጣው።»

«ጋሼ፣ አባዬ ደክሞታል፤ እዚሁ ብንጨርስስ?» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ፣ አገሩን አታውቂውም።»

እሱም አያውቀውም። ሥልጠና የሄደው ሌላ አገር ነው።

ከተማ ገብተን፣ ከታክሲ ወርደን፣ ሻንጣ እየጎተትን አንድ ዳገት ወጣን። አምባሳደሩ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በአንድ እጄ አባቴን ይዤ እከተላለሁ። አባቴ በየመብራት ምሰሶው እየቆመ የማስታወቂያ ወረቀት የሚያነብ ይመስላል፤ ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ አምባሳደሩ እንዳያውቅበት ነው። የተገኘው ሱቅ ጠባብ ነበር። የስልክ ሽፋን ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሏል፤ የባንኮኒው መስታወት ጥግ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ባለ ሱቋ ሴትዮ የሲም ማውጫዋን መርፌ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ማስቲካ ታኝካለች። ፓስፖርት ተቀበለች፣ ፊቱን ፎቶ አነሣችው። አምባሳደሩ ፎቶውን ሲያየው አልወደደውም፤ ክራባቱን አስተካክሎ እንደገና ተነሳ። ለሲም ካርድ!

ሴትዮዋ ጥቅሎቹን አስረዳች። አንደኛው ኢንተርኔቱ የትየለሌ ነው፣ ጥሪው ግን አገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያስደውለው ለምርቃት የተጨመሩ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ሌላኛው ኢንተርኔቱ ትንሽ ሆኖ ወደ ውጭ እንደ ልብ ያስደውላል። ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ አምባሳደሩ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይላታል።

«ወደ አገራችሁ ትደውላላችሁ?» አለችው በመጨረሻ፣ ለነፍሷ ብላ።

እሱም ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ኢንተርኔት እያለ በመስመር የሚደውል ሰው አለ እንዴ?» አለና ትልቁን ኢንተርኔት ገዛ።

የእናቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ኢንተርኔት ቀርቶ መብራቱም በመከራ ነው የሚበራው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣብኝ። አባቴ ደግሞ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱን በመዳፉ ይዞ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሰውዬውን ጠላሁት። ዛሬም አልወጣልኝም።

በማግስቱ ሆስፒታል ገባን። ምርመራው ሁሉ ደህና ሄደና ቀዶ ሕክምናው ለሚቀጥለው ጠዋት ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ የማደንዘዣ ሐኪሟ አባቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዋ ከእኔው ብዙም ስለማይሻል በደንብ ተግባባን።

«ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ተሰጥቶት ያውቃል?»

«በወጣትነቴ ሆዴን ተቀድጃለሁ» አለ አባቴ፤ እኔ አስተረጎምኩ። «በዚያን ጊዜ የሰጡኝ አንድ ነገር ሊገድለኝ ነበር አሉ። ሁለተኛ እንዳይነካኝ ተብሏል።»

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። «ስሙ ማን ይባላል?»

«እሱን ባለቤቴ ናት የምታውቀው።»

አባቴ እንዲህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የእያንዳንዱን ብሎን ጠባይ ያውቅ ነበር፤ የገዛ ገላውን ጉዳይ ግን ለእናቴ አስረክቦ እፎይ ብሏል። ያ ያከመው ሆስፒታል ፈርሶ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆሟል፤ መረጃ ከዚያ አይጠየቅም። ሐኪሟ ቁርጡን ነገረችን። የመድኃኒቱን ስም ሳታውቅ አታስተኛውም። እሷ ከሥራ እስክትወጣ ካላመጣን የነገው ተራ ለሌላ ታካሚ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ተራ ደግሞ ሩቅ ነው። የልብ ሐኪሙ በበኩሉ የአባቴ ልብ ሩቅ ቀጠሮ እንደማይችል አስቀድሞ ነግሮናል።

«ምንም ችግር የለም» አለ አምባሳደሩ። አዲሱን ስልክ ከኪሱ መዥረጥ አደረገው። «አሁን በቴሌግራም ለባለቤቴ እጽፍላትና እማማን ጠይቃ ትመልስልናለች።»

ቴሌግራሙ ሊከፈት የማረጋገጫ ኮድ ጠየቀ። ኮዱም ወደ አሮጌው ቁጥሩ፣ ማለትም ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። በቀጥታ ለሚስቱ እንዳይደውል ቁጥሯን በቃሉ አያውቀውም። አብሯት ልጆች ወልዷል፣ ቁጥሯን አያውቅም። የእኔም ያው ነው፤ እህቴ ስሟ ይምጣልኝ እንጂ ቁጥሯን አይቼው አላውቅም። በቃል የሚታወቅ ቁጥር የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ከየመንገዱ ዳር ሲደውልበት የኖረው የእናቴ ቁጥር።

አባቴ እየጠራልን አምባሳደሩ መታው፤ ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፈተው። ጠራ። ተዘጋ። ደግሞ መታው። ተዘጋ። በሦስተኛው ተነሳ።

«ሌባ!» አለች እናቴ፤ ዘጋችው።

አምባሳደሩ ፈገግ አለ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። «ያስተማርኳቸው ገብቷቸዋል» አለ።

እንደገና ሲደውል እናቴ አነሣችው።

«እማማ፣ እኔ ነኝ፣ የልጅዎ ባል። ሆስፒታል ነን፣ ቸኩለናል፤ አንድ ነገር እንዲነግሩኝ...»

«ጉድ እኮ ነው!» አለች እናቴ፣ ሳቋ እየቀደማት። «አንዲት ቃል ሳያዛንፍ! ልክ አማቻችን እንዳለው ነው የሚያወራው!»

ስልኩን ነጠቅኩት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«እሰይ፣ ማሽኑም መጣ።»

«እማዬ፣ በእግዜር! እኔ ነኝ፣ ልጅሽ!»

«ማሽን ሲምል ዛሬ ገና ሰማሁ» አለችና ዘጋች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች መኪና ያቆማሉ፣ አበባ ይዘው ይገባሉ፣ በየስልካቸው እየሳቁ ያወራሉ፤ እኔ ለወለደችኝ እናቴ ልጇ መሆኔን ማስረዳት አቅቶኛል። ሐኪሟ በኮሪደሩ ስታልፍ በበሩ ብቅ ብላ ዓይኔን አየችና ሄደች።

«የምስጢር ቃሉ!» አለ አምባሳደሩ ግንባሩን እየመታ። «ለዚህ እኮ ነው ያዘጋጀሁት! አየሽ፣ ሰው አስቀድሞ ሲያስብ እንዲህ ነው።»

ደወለ። «እማማ፣ እንዳይዘጉት! የምስጢር ቃሉን ልንገርዎት!»

«እስቲ ንገረኝ» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጠበቅ አለ።

አምባሳደሩ አፉን ከፈተ። የትልቁን ልጁን ስም ተናገረ።

«አይደለም።»

የመኪናውን ስም ተናገረ።

«አይደለም።»

ሥልጠና የሄደበትን ከተማ ስም ተናገረ፤ ይህንን እንኳን በኩራት ነው።

«አንተ ሌባ፣ ብዙ አጥንተህ ነው የመጣኸው» አለች እናቴ፤ ዘጋችው። ስልኩ ላይ ወደ ውጭ የሚያስደውለው ደቂቃ ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት መጣ።

«ምላሴ ላይ ነው» አለ አምባሳደሩ። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ምላሴ ላይ ነው።»

«ምላስዎ ላይማ ምን የሌለ ነገር አለ፣ ጋሼ!» አልኩት።

ከዚያን ቀን በፊት ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አልተጸጸትኩም። እሱ ተቆጥቶ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ሊነግረኝ ጉሮሮውን ሲጠርግ አባቴ ከትራሱ ቀና አለ።

«ስልኩን አምጡት።»

«አባባ፣ ድምፅ አያምኑም እኮ...»

«አምጣው አልኩ።»

ራሱ በወፍራም ጣቱ እያንዳንዱን ቁጥር እየተጫነ ደወለ። ብዙ ጠራና ተነሳ።

«ደግሞ አሁን ማን ልትሆኑ ነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

እናቴ እንደ አዲስ ተነሳች። «ባሌንም ሠራችሁት? የታመመ ሰው ድምፅ ስትሠሩ አታፍሩም? ቆይ እናንተ፣ የወለደቻችሁ እናት...»

«ሆዴን የተቀደድኩ ጊዜ ሊገድለኝ የነበረውን የማደንዘዣውን ስም ንገሪያቸው» አለ አባቴ።

«ምን? ስማ አንተ፣ እኔ እኮ እንደምታስበው...»

አባቴ ቀዩን ተጫነው። በአፏ ላይ ዘጋባት። ስልኩን ደረቱ ላይ አጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባባ!» አለ አምባሳደሩ ጭንቅላቱን ይዞ። «ምን ነካዎት! ሊያምኑ ትንሽ ሲቀራቸው! ደቂቃው እኮ ሊያልቅ ነው፤ መለመን ነበረብን፣ ማስረዳት ነበረብን!»

«ሰምታለች» አለ አባቴ።

አምባሳደሩ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ ስልኩ አባቴ ደረት ላይ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ።

«አያችሁ፣ ኔትወርኩም ተበላሸ» አለ አምባሳደሩ።

«ሚስኮል ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ቁጥሩ የእናቴ ነበር። እናቴ በሕይወቷ ለስልክ ጥሪ ከፍላ አታውቅም፤ ሚስኮል ታደርጋለች፣ የፈለጋት ይደውላል። በቀረችን ደቂቃ ደወልኩ። አንዴ እንኳን ሳይጠራ አነሣችው።

«ሰውዬው እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው እማዬ። ስሙን ንገሪኝ።»

«ሱክሲኒልኮሊን። ጻፊው። የሰጡት እንደሆነ ሰውነቱ እንደ እሳት ይነድዳል፣ መንጋጋው ይቆለፋል በያቸው። እኔ ነበርኩ አጠገቡ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ። እማዬ፣ እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሌባ ስልክ ይዘጋል እንዴ? ሌባ እኮ ይለማመጣል፣ ያባብላል። ተናግሬ ሳልጨርስ በአፌ ላይ የሚዘጋ ሰው ያለኝ አንድ እሱ ነው።»

እውነቷን ነው። አባቴ ከመንገድ ሲደውል «ደረስኩ» ይላል፣ «ጎማ ፈንድቶ አድራለሁ» ይላል፤ ይዘጋል። ደህና ዋይ ብሎ አያውቅም። እናቴም ከልጅነታችን ጀምሮ ስልኩን እያየች «ዘጋብኝ እኮ! ደግሞ ዘጋብኝ!» እያለች ስታማርር ነው ያደግነው።

አምባሳደሩ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ «እማማ፣ ቃሉስ? ቃሉ ምን ነበር?» አለ።

«የምን ቃል?»

«የምስጢር ቃሉ ነዋ!»

«መቼ ቃል ሰጠኸን? ‹የምስጢር ቃል ይኖረናል› ብለህ ስለ ሥልጠናህ ማውራት ጀመርክ፤ መሸና ወደ ቤትህ ሄድክ። ቃል ልንገርዎት ስትለኝማ ሌባ መሆንህን ያለ ጥርጥር...»

ደቂቃው አለቀ። መስመሩ ተቋረጠ። አምባሳደሩ ለረጅም ጊዜ የስልኩን መስታወት በክራባቱ ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

እኔ በኮሪደሩ ሮጥኩ። ሐኪሟ ጋዋኗን አውልቃ ቦርሳዋን ልታነሳ ስትል ደረስኩባት። የጻፍኩትን አነበበች፤ መንጋጋውንና ትኩሳቱን ስነግራት ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችና ተቀመጠች። «ይህንን ሳናውቅ ብናስተኛው ኖሮ...» አለች፤ አልጨረሰችውም። በሌላ መድኃኒት እንደምታስተኛው፣ ተራውም እንደተጠበቀለት ነገረችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ግማሹ ደስታ ነበር፣ ግማሹ ንዴት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ወደ ውስጥ አስገቡት። አምባሳደሩ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ ባለ ሱቋ ያስረዳችውን ወደ ውጭ እንደ ልብ የሚያስደውለውን ጥቅል ገዝቶ ተመልሷል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ለአንድ ለማያውቀው ሰው፣ ሰውዬው በማይሰማው እንግሊዝኛ፣ ስለ ቤተሰብ ደኅንነት ያስረዳ ጀመር። «ባሏ እንኳን ማለፍ አልቻለም!» ይላል። «ሲስተሙ ሠርቷል!» ሰውዬው ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ የራሱ በሽተኛ ውስጥ አለበት።

የልብ ሐኪሙ ወጥቶ ሁሉም በደህና ማለቁን ሲነግረን፣ እኔ ገና እግዜርን ሳላመሰግን አምባሳደሩ ኮሪደር ወጥቶ ደውሏል።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሆስፒታል ሆኜ ነው...»

ተዘጋ። ደግሞ ደወለ፤ አልተነሳም። «ምናልባት ባትሪ ዘግቶባቸው ይሆናል» አለኝ። እኔ ግን እናቴ የእሱን የምሥራች እንደማትፈልግ፣ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ማንን እንደሆነ አውቄያለሁ።

አባቴ ነቅቶ ወደ ክፍሉ ሲመልሱትና እንድንገባ ሲፈቅዱልን አመሻሽ ላይ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል፣ ፊቱ ላይ ግን ቀለም ተመልሷል። በዓይኑ ክፍሉን ሲፈልግ ውሃ የፈለገ መስሎኝ ብርጭቆውን አነሣሁ። ራሱን ነቀነቀና አውራ ጣቱን ወደ ጆሮው ወሰደ። ከአምባሳደሩ እጅ ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩና ጆሮው ላይ ያዝኩለት።

«ሃሎ?» አለች እናቴ። ትንፋሽዋ ይሰማል።

«አለሁ» አለ አባቴ በሻከረ ድምፅ።

«እሰይ! አመመህ? ምን አሉህ? ልጅቷስ...»

አባቴ በዓይኑ ቀዩን ምልክት አሳየኝ። ጣቴ እምቢ አለ፤ እሱ ግን ቅንድቡን አነሣብኝ። ተጫንኩት።

ወዲያው ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። አባቴ ፈገግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። አምባሳደሩ መልሶ ሊደውል እጁን ዘረጋ።

«ተዉት ጋሼ» አልኩት። «ይሄ ለእርስዎ አይደለም።»